መርከብ የሌለበት ፎቶ

የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ባሕር የላትም፤ ጨው ግን ሞልቷታል። በረዶ ሊጥል ነው በተባለ ቁጥር የከተማው መኪናዎች በረዶው እንዳይይዝ መንገዱን ጨው ያለብሱታል። እኔም ከካናል ዊንቸስተር፣ ከመጋዘን ሥራዬ ወጥቼ ዋይትሆል ቤቴ እስክደርስ መኪናዬ ነጭ፣ ጫማዬ ነጭ፣ ጢሜ ድሮውንም ነጭ ስለሆነ እሱን እንተወውና፣ ሊሸጥ የደረቀ ዓሣ መስዬ እገባለሁ። ልጄ ሰሚራ ገና በሩን ሳትከፍት "ዳድ፣ ሹዝህን ውጭ!" ትለኛለች። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ጎረቤት አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋዋለሁ። ጨው አይሸትም የሚል ሰው አሰብን አያውቅም። አሰብ ላይ ጨው ይሸታል፤ ከዓሣና ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ፣ በትኩስ ነፋስ ተጠብሶ፣ ሸሚዝህ ውስጥ ገብቶ አብሮህ ይተኛል። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ኦሃዮ ድረስ ይከተለኛል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ከወሎ ወርጄ ካምፖ ሱዳን ከሚባለው ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ፎቶ አነሳ ነበር። ሙቀቱን ስነግራቸው እዚህ ያሉ ልጆች አያምኑኝም፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔም ትንሽ እጨምራለሁ። ከገበያ ጥሬ እንቁላል ገዝተህ ቤት ስትደርስ ልጠህ ትበላዋለህ። ዶሮዎቹ በረዶ ውሃ ካልሰጠሃቸው አይጥሉም። እሺ፣ ይቺ ውሸት ናት፤ ሰው ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛ እንደነበር ግን እውነት ነው፤ መንገዱ ራሱ አንድ ትልቅ መኝታ ቤት ነበር። ወንዱ በሽርጥና በስስ ካናቴራ ነው የሚውለው፤ እግር ላይ ኮንጎ ጫማ። ከሻይ ቤቱ ቴፕ ዘፈን ይለቀቃል፤ ካሴቱ በሙቀቱ ስለሚለጠጥ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። ደሴ ሄጄ ያንኑ ዘፈን ስሰማው ዘፋኙ የሚያሳድደው ያለ ነበር የመሰለኝ።

እንግዲህ በዚያ ሙቀት የአሰብ ሰው ፎቶ መነሳት የሚፈልገው በምን ነበር ትላላችሁ? በኮት። አገር ቤት ያለች እናት ልጇ ሰው መሆኑን የምታውቀው በኮት ነዋ! ስለዚህ አንድ ፎቶ አንሺ ካሜራ ሳይኖረው ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ኮት ከሌለው ግን አይታሰብም። የኔ ኮት ግራጫ ነበረች። ቀጭን ሰው ከለበሳት ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እሰበስባታለሁ፤ ወፍራም ከለበሳት አትቆለፍም፣ እጁን ደረቱ ላይ እንዲያደርግ አዘዋለሁ። ከአሰብ ሕዝብ እኩሌታው በዚያች ኮት ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። አብራት የምትሰጥ ጥቁር መነጽር ነበረችኝ፤ አንድ መስታወቷ የተሰነጠቀ ስለሆነ ያ በኩል እንዳይታይ ፊታቸውን አዞራለሁ። ጉርድ ፎቶ በሁለት ብር፣ ፖስትካርዱ በአራት ብር፤ ኮትና መነጽር በነጻ።

ዋናው ሙያ ግን ቦታ ማወቅ ነው። ካሜራውን ማንም ጠቅ ያደርገዋል። ማለዳ ከሆነ ሰውን ይዤ ወደ ጨው ማምረቻው እሄዳለሁ፤ ነጩ መሬት ብርሃኑን ከሥር ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ከዓይን በታች ያለው ጥላ ሁሉ ይጠፋል፣ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ሙሽራ ይሆናል። ከሰዓት ከሆነ የተገለበጠች አሮጌ ጀልባ ነበረች፣ እዚያ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። አንድ ችግር ነበር ታዲያ። ሁሉም ባሕር ይፈልጋል፤ ባሕሩ አጠገብ ደግሞ ወደቡ አለ፤ ወደብና መርከብ ማንሳት ክልክል ነው። አንድ ቀን ከሙሽሮች ጀርባ የመርከብ አፍንጫ ገባችብኝና ግማሽ ቀን ከጥበቃዎቹ ጋር ተቀምጬ ዋልኩ፤ ፊልሙን ከካሜራው ውስጥ እንደ አንጀት ጎትተው አውጥተው ፀሐይ አሳዩት። ስድስት ሙሽራ በአንድ ጊዜ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ከተማውን በእግሬ ለካሁት። በመጨረሻ አሰብ ሰጊር በሚባለው ሰፈር በኩል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከሚወርዱበት ዝቅ ብሎ፣ አንድ የፈረሰ ግድግዳ አገኘሁ። ሰውየውን ግራ ትከሻውን ወደ ግድግዳው አድርገህ ካቆምከው፣ አንተ ፊት ለፊቱ ካለው ዘንባባ ሰባት እርምጃ ርቀህ ከተንበረከክህ፣ ግድግዳው ወደቡን ከነክሬኑ ከነመርከቡ ይሸፍነዋል። የሚቀረው ንጹህ ባሕር ብቻ ነው፤ ማንም ገብቶበት የማያውቅ የሚመስል። "የሰይድ ግድግዳ" ተባለ። ሌሎች ፎቶ አንሺዎች ሊሰርቁኝ ሞክረው ነበር፤ ሰባቷን እርምጃ ስለማያውቁ መርከብ እየገባባቸው ታሰሩ። ሁለቱ ታሰሩ። እሺ፣ አንዱ።

እዚህም ቢሆን የቦታ ጠያቂ አላጣሁም። ሙሽራ ሲሆኑ፣ ሲመረቁ፣ "ጋሼ ሰይድ፣ ፎቶ የት ይሻላል?" ይሉኛል። መሀል ከተማ፣ ወንዙ ዳር፣ ድልድዩ ሥር ሰውን የምታቆምባት አንድ ቦታ አለች፤ ዝቅ ብለህ ካነሳህ ማዶው አይታይም፣ ሳዮቶ ወንዝ ባሕር ይሆናል። ሰሚራ ስትመረቅ እዚያ ነበር ያነሳኋት። "ዳድ፣ ጀስት ቴክ ኢት!" እያለች ስትጮህብኝ፣ እኔ ሰባት እርምጃ ስቆጥር። ፎቶው ኮምቦልቻ ደርሶ እህቴ "የትኛው ውቅያኖስ ነው?" ብላ ደወለች። ኦሃዮ ውስጥ ውቅያኖስ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ወሬ አበዛሁ። ልነግራችሁ የፈለግኩትን እየሸሸሁ ስለሆነ ነው።

ሙያችን አንድ ገመና ነበረበት። ፊልም የሚመጣው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ነው፤ መንገዱ ሁለት ቀን፣ መኪናው ከተበላሸ ሳምንት። ፊልም ሲያልቅብህ ደንበኛህን "የለኝም" ካልከው ሌላው ጋ ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ በባዶው ታነሳዋለህ። ኮቷን ታለብሰዋለህ፣ አገጩን ቀና ታደርጋለህ፣ "አትንቀሳቀስ!" ትለዋለህ፣ ባዶውን ካሜራ ጠቅ ታደርጋለህ። ሳምንት ቆይቶ ሲመጣ "ውይ፣ ተቃጠለብኝ እኮ ወንድሜ! ና ልድገምህ፣ አንድ ጉርድ በነጻ እመርቅልሃለሁ" ትለዋለህ። ሰውየው እንዲያውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ሁላችንም እናደርገው ነበር፤ እንደ ኃጢአትም አልቆጠርነውም። ሰው ሁሉ ተመልሶ ይመጣ ነበራ።

ባለፈው በረዶ ጊዜ ነው። ዋይትሆል በሚገኝ የሐላል ሥጋ ቤት ውስጥ ወረፋ ቆሜያለሁ፤ ወለሉ በሰው ጫማ ጨው ተዥጎርጉሯል። ከድር የሚባል ሹፌር ወዳጄ ገና ከበሩ "ሰይድ ፎቶ! ያ ቆርቆሮህ ደህና ነው?" ብሎ ጮኸ። ቆርቆሮው እውነት ነው፤ ከአሰብ ስወጣ ኔጋቲቮቼን በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዤ ወጥቻለሁ። እኔም እንደ ልማዴ ሥጋ ቤቱ እንዲሰማ አድርጌ "ምን ይሆናል! የአሰብ ሕዝብ ሙሉ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። አንድ ሰው አልጎደለም!" አልኩ።

ከፊቴ የነበሩ ሴትዮ ዞር አሉ። ወፍራም የክረምት ጃኬት ላይ ሻሽ አድርገዋል፤ አገሩ ገና ያልለመዳቸው።

"አንተ የአሰቡ ሰይድ ነህ? ካምፖ ሱዳን የነበርከው?"

"ነኝ፤ እርስዎስ?"

"ሀሊማ ነኝ። የኑሩ እህት። ወደብ ጫኝና አውራጅ የነበረው ኑሩ።"

ከወረፋው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

"ፎቶ ተነስቻለሁ ብሎኛል" አሉ እጄን ይዘው። "ሰይድ ጋ ነው፣ ሳምንት ቆይተሽ ውሰጂ ብሎኝ በማግስቱ በጀልባ ወደ የመን ሄደ። ሳምንቱ ሳይሞላ ደግሞ ጦርነቱ ደረሰብንና ሁላችንም በየፊናችን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ድምፁን አልሰማሁም። ፎቶው አለህ አይደል?"

ከድር ቀደመኝ። "አብሽሪ፣ እትዬ ሀሊማ! ቆርቆሮው ውስጥ የሌለ ሰው የለም፤ እሱ ራሱ አይደል አሁን የነገረን!"

"ሌላ ፎቶ የለውም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እናታችን ጋ የነበረችው ጉርድ ከነሻንጣዋ መንገድ ላይ ጠፋች። መልኩን እየረሳሁት ነው ሰይድ። ዓይኑ አለ፤ አፉን ግን አጣሁት።"

"እፈልጋለሁ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ሥጋዬን ሳልገዛ ወጣሁ።

ምክንያቱም ኑሩን መፈለግ አያስፈልገኝም። ካነሳኋቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ሰው ብቻ አስታውስ ብባል እሱን ነው። ከሰዓት በኋላ ከወደብ በቀጥታ መጣ፤ ኮቷን አለበስኩት፣ ግድግዳዬ ጋ አቆምኩት፣ ሰባት እርምጃ ቆጠርኩ፣ ተንበረከክሁ። ፊልም ካለቀ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ጠቅ አደረግሁት። ኮቷን አውልቆ ሲመልስልኝ "ለእህቴ ስጥልኝ፣ እኔ ነገ የለሁም" አለኝ። ከጠቅታው በኋላ ነው የነገረኝ። ያኔ "ወንድሜ፣ ባዶ ነው" ማለት እችል ነበር። ከዚያ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ፊልም ያለው ፎቶ አንሺ ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ። "አይዞህ፣ ቆንጆ ወጥተሃል" ነው ያልኩት።

እትዬ ሀሊማ በየሦስት ቀኑ ኮል ያደርጉልኝ ጀመር። "አገኘኸው?" "ገና ነኝ፤ ብዛቱ!" "አብሽር፣ አትቸኩል። አላህ ዓይንህን ያቆይልህ።" ምርቃቱ ነው የገደለኝ። በኋላማ ስልኩን ሳየው መጋዘን ውስጥ ነኝ ብዬ አላነሳም፤ እረፍት ቀኔ ላይ ሶፋ ላይ ተኝቼ። ቆርቆሮውን አንድ ቅዳሜ ከፈትኩት። በወሬ አሥር ሺህ የነበረው ኔጋቲቭ ሲቆጠር መቶ ሰማንያ ሦስት ሆነ። ሰሚራ በስልኳ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር እያደረገች ታሳየኛለች። ከነዚህ መሀል አንዱ ላይ ቆመች። የኔ ግድግዳ፤ የኔ ኮት፤ የኔ ጥቁር መነጽር። ሰውየው ፀሐይ ከጀርባው ስለገባችበት ፊቱ ጠቁሯል።

"ሁ ኢዝ ዚስ?"

"አላውቀውም።"

"ሂ ሉክስ ሳድ፣ ዳድ።"

"ሙቀቱ ነው። ኮት ለብሶ እኮ ነው።"

ቁመቱ የኑሩ ነው ቢባል ይሆናል። አፉ ጥላ ውስጥ ነው። ሰሚራ ክፍሏ ስትገባ ብቻዬን ረጅም ሰዓት አየሁት። እሳቸው መልኩን ረስተዋል፤ እኔ ካልነገርኳቸው የሚነግራቸው የለም። ሰውን ማስደሰት ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ሙያ ነው። በማግስቱ ፋርማሲ ውስጥ ባለች የፎቶ ማተሚያ ማሽን በትልቁ አሳተምኩትና ፖስታ ውስጥ ከትቼ ወደ ፒከሪንግተን ነዳሁ።

እትዬ ሀሊማ የሚኖሩት እዚያ ከልጃቸው ጋር ነው፤ ልጁ ሥራ ሄዷል። ሻይ አቀረቡልኝ። ከዚያ ተነሥተው ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አዲስ ፍሬም አውርደው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ፍሬሙ ውስጥ ለማሳያ ከፋብሪካው አብረውት የመጡ የፎቶ ሰዎች አሉ፤ ባል፣ ሚስት፣ ውሻ፣ ሁሉም ወርቅማ ጸጉር፣ ሁሉም የሚስቁ።

"ልጄ ነው የገዛልኝ። ሰይድ ሲመጣ እነዚህን ባዳዎች አውጥቼ ወንድሜን አስገባለሁ አልኩት" አሉና ሳቁ።

ፖስታው በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ነካሁት። ባዳ አውጥቼ ባዳ ላስገባ ነው የመጣሁት። ስንት ጊዜ የዋሸሁበት አፌ እዚህ ላይ እምቢ አለኝ።

"እትዬ ሀሊማ፣ ፎቶው የለም" አልኩ። "ጠፍቶ አይደለም። ኖሮም አያውቅም። ካሜራው ውስጥ ፊልም አልነበረም።"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባዶ ማንሳት ማለት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደምናደርገው፣ ወደብ ስለማይነሳ ግድግዳው ጋ እንዳቆምኩት፣ "ነገ የለሁም" ሲለኝ ዝም ማለቴን። አንድም ቀልድ አልገባበትም። ስጨርስ እሳቸው ጠየቁኝ።

"ሌላ ፎቶ አንሺ አልነበረም?"

"ነበር።"

"ሩቅ ነው?"

"አምስት ደቂቃ።"

"አምስት ደቂቃ" አሉ። "እኔ እኮ ሰይድ፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋብኝ፣ ፎቶው ግን የሆነ ቦታ አለ እያልኩ ነው የኖርኩት። ሰው ጋ ነው፣ ሰውየው በሕይወት ካለ አለ እያልኩ።" ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ፤ ቧንቧውን ከፈቱት፣ ምንም ሳያጥቡ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ልሂድ ብዬ ጫማዬን እየፈለግኩ ሳለ ቧንቧው ተዘጋ።

"ቁጭ በል" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። "ግን አይተኸዋል። በካሜራው አይተኸዋል አይደል?"

"አይቼዋለሁ።"

"ሌላ ያየው የለማ። እንግዲያው ንገረኝ። ሳትጨምር። እንደምትጨምር ሰው ሁሉ ነግሮኛል።"

በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ወሬ የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ። "ግራ ትከሻው ወደ ግድግዳው ነው" አልኩ። "ኮቷ ትከሻው ላይ ጠባለች፤ እጅጌዋ አጥሮበት የእጅ አንጓው ይታያል፤ አንጓው ላይ የገመድ ጠባሳ አለ። መነጽሩን ስሰጠው እምቢ አለኝ፣ ዓይኔን ትየው አለኝ። ነፋስ አለ፤ የሸሚዙ ኮሌታ አንዱ ክንፍ ተነስቶበታል፣ ላስተካክለው አሰብኩና ተውኩት።"

"ሳቀ?"

መሳቁን መስማት እንደፈለጉ አውቄያለሁ። አንዲት ፈገግታ ብጨምር ማን ይይዘኛል?

"አልሳቀም" አልኩ። "ሳቅ ስለው አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ተወው። የፊት ጥርሱ ተሸርፏል።"

እትዬ ሀሊማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "በየት በኩል?"

"በግራ።"

"በግራ" አሉ። "ደረጃ ላይ ወድቆ። እኔ ነበርኩ የማሳድደው።" ይቅር አልኩህ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ፍሬሙን ከነፈረንጆቹ ግድግዳው ላይ መልሰው ሰቀሉት።

አሁን ሁልጊዜ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ ኮል ያደርጉልኛል። "ሰይድ፣ እስቲ አሳየኝ" ነው የሚሉኝ። መኪናዬን አቁሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከግራ ትከሻው እጀምራለሁ። ያ ፖስታ እስከ ዛሬ የመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሱም የሆነ ሰው ወንድም ይሆናል፤ ልጥለውም አልቻልኩ። የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ቀልድ ሲደጋገም እያማረበት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ በዚህ ነው የኖርኩት። ይሄኛው እንዳያምርብኝ እየተጠነቀቅኩ፣ ኮሌታው ላይ፣ ጠባሳው ላይ ስደርስ ራሴን እመረምራለሁ፦ አየሁት ወይስ ባለፈው ጁምዓ ተናገርኩት?

ባለፈው ሳምንት መንገዱ ሁሉ ጨው ነበር። መስኮቱን ትንሽ ከፍቼ ነው የማወራው። ጨርሻለሁ ስል እትዬ ሀሊማ "ቆይ" አሉኝ።

"ምነው?" አልኩ።

"ከጀርባው መርከብ አለች አልክ።"

"አልኩ እንዴ?"

"አልክ። ነጭ መርከብ። መርከብ አይነሳም፣ ክልክል ነው፣ ለዚህ ነው ግድግዳ ጋ ያቆምኩት አላልከኝም ነበር?"

አሰብኩ። ነጯ መርከብ ዓይኔ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ጭሷ ሳይቀር ይታየኛል። ሰባት እርምጃ ቆጠርኩ፤ ተንበረከክሁ፤ ግድግዳውን አየሁት።

"ልክ ነዎት፤ አልነበረችም" አልኩ።

"አውጣት።"

አወጣኋት። ባሕሩ ብቻ ቀረ፤ እሱም ከፊቱ ቆሟል፣ አፉን ከፈት አድርጎ።